ገማሽ ውፍረት፦ የጋማ ጨረር መከለያ የሚሰፈርበት ቃል

ፈረንሳዊው ሊቅ ፖል ቪላር እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ ከራዲየም ሲወጣ ያገኘው፣ ከሦስት ዓመት በኋላም ኧርነስት ራዘርፎርድ «ጋማ» ብሎ የሰየመው ጨረር፣ ከብርሃን ወገን ሆኖ ሳለ በሥጋና በአጥንት፣ በእንጨትና በጡብ ዘልቆ የሚያልፍ ስለ ሆነ፣ ከእርሱ ለመከለል የሚሻ ሰው ሁሉ አስቀድሞ «ስንት ጣት ውፍረት ያለው እርሳስ ይገታዋል?» ብሎ ይጠይቃል። አልፋ የተባለው ጨረር በአንድ ቅጠል ወረቀት ይቆማል፤ ጋማ ግን በግድግዳ ውስጥ እየሳሳ ይሄዳል እንጂ ፈጽሞ አይቆምም።

ስለዚህ የዘርፉ ሊቃውንት የሚሰፍሩት ጨረሩ የሚጋመስበትን ውፍረት ነው። ይህን ልክ በአማርኛ «ገማሽ ውፍረት» ብንለው ይስማማል። «ግማሽ ውፍረት» ያልን እንደ ሆነ የግድግዳው እኩሌታ መስሎ ይሰማል፤ «ገማሽ» ግን ገመሰ ከሚለው ግስ የወጣ የአድራጊ ስም በመሆኑ፣ ገማሹ ራሱ ውፍረቱ እንደ ሆነ ያስታውቃል። ከግእዙ «መንፈቅ» እንዋስ ቢሉም፣ «መናፍቅ» ከዚያው ሥር የበቀለ ነውና አንባቢን ወደ ሃይማኖት ክርክር እንዳይመራው ያሠጋል።

በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ካንሰር ለብዙ ዓመታት ሲታከምበት የኖረው ኮባልት-60፣ 1.17 እና 1.33 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ኃይል ያላቸውን ጨረሮች ያወጣል፤ ለእነዚህም ገማሽ ውፍረቱ በእርሳስ 12፣ በብረት 21፣ በተራ ኮንክሪት 62 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሁለተኛው 12 ሚሊሜትር እርሳስ ከቀረው እኩሌታውን ብቻ ስለሚወስድ ሩብ ይተርፋል፤ ዐሥር ጊዜ ሲጋመስ ከ1,024 እጅ አንዱ ይቀራል፤ ለዚህም 12 ሴንቲሜትር እርሳስ ወይም 62 ሴንቲሜትር ኮንክሪት ያስፈልጋል። ተበትኖ የሚመለሰውን ጨረር መሐንዲሶች ለብቻው ያሰሉታል።

የሚያስደንቀው ክብደቱ ነው። አንድ ካሬ ሜትር የሚሸፍን ገማሽ ውፍረት በእርሳስ ወደ 136፣ በኮንክሪት ወደ 145 ኪሎ ይመዝናል። በዚህ የኃይል ደረጃ ጨረሩ በብዛት የሚላተመው ከኤሌክትሮኖች ጋር ስለ ሆነ፣ በአንድ ኪሎ ውስጥ ያለው የኤሌክትሮን ብዛትም በአብዛኛው ዕቃ ዘንድ ስለሚቀራረብ፣ እርሳስ የሚመረጠው ጥቂት ስፍራ በመያዙ ነው። ስፍራ ባለበት ኮንክሪት ይረክሳል፤ ራሱንም ችሎ ይቆማል፤ እርሳስ ግን በገዛ ክብደቱ ይለመጣል።

ኃይሉ ዝቅ ባለው በራጅ ዘንድ ነገሩ ይለወጣል፤ በዚያ ከባድ አተም ጨረሩን መምጠጥ ስለሚችል እርሳስ ከኮንክሪት እጅግ ይበልጣል። የራጅ ባለሙያ የሚለብሰው ግማሽ ሚሊሜትር እርሳስ ያለው ሽርጥ ተበትኖ የሚመጣውን ራጅ አብዛኛውን ሲያስቀር፣ ከኮባልት ጨረር ግን ከ100 እጅ 3 ያህል ብቻ ይቀንሳል፤ እርሱን ለብሶ ወደ ኮባልት ክፍል የሚገባ ሰው ሸክም ተሸከመ እንጂ አልተከለለም።