የዘላቂ ልማት ዓለም አቀፍ ጉባኤዎች ውጤትና ጉድለት

ዘላቂ ልማት የዛሬውን ትውልድ ፍላጎት የመጪውን ትውልድ ድርሻ ሳይነኩ ማሟላት ማለት ነው። ጽንሰ ሃሳቡ በስፋት የታወቀው በኖርዌይዋ ጠቅላይ ሚኒስትር በግሮ ሃርለም ብሩንትላንድ የተመራው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1987 ሪፖርቱን ካወጣ በኋላ ነው። ከዚያ አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1972 በስቶክሆልም የተካሄደው ጉባኤ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ናይሮቢ የሆነው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እንዲቋቋም ምክንያት ሆኖ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1992 በሪዮ ዴ ጄኔይሮ 172 መንግሥታት የተካፈሉበት ጉባኤ 27 መርሆዎችን የያዘ መግለጫና አጀንዳ 21 የተሰኘ የተግባር መርሃ ግብር አጽድቋል። የአየር ንብረት ለውጥና የብዝሃ ሕይወት ስምምነቶችም በዚሁ ጉባኤ ለፊርማ ቀርበዋል። ይሁንና ደንን የሚመለከተው ሰነድ አስገዳጅነት አልነበረውም። የበለጸጉ አገሮች ከብሔራዊ ገቢያቸው 0.7 በመቶውን ለልማት እርዳታ እንዲያውሉ የተቀመጠው ግብ በጉባኤው ቢታደስም የፈጸሙት ጥቂቶች ብቻ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2002 በጆሃንስበርግ የተካሄደው ጉባኤ የመጸዳጃ አገልግሎት የማያገኘውን ሕዝብ ድርሻ እስከ 2015 በግማሽ ለመቀነስ ወስኗል። ታዳሽ ኃይልን በተመለከተ ግን በቁጥርና በጊዜ በተወሰነ ግብ ላይ መስማማት አልተቻለም።

የአፈጻጸሙ ልዩነት ትምህርት ሰጪ ነው። ከሚሌኒየሙ የልማት ግቦች አንዱ የሆነው የመጠጥ ውሃ ግብ በዓለም ደረጃ ከቀነ ገደቡ አምስት ዓመት ቀድሞ እ.ኤ.አ. በ2010 ተሳክቷል። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2015 የተሻሻለ ውሃ የሚያገኘውን ሕዝቧን ድርሻ 57 በመቶ በማድረስ ግቡን አሳክታለች። በአንጻሩ የመጸዳጃው ግብ በዓለም ደረጃ አልተሳካም። ሁለቱም ግቦች በቁጥር የተወሰኑ በመሆናቸው ስኬታቸውም ሆነ ጉድለታቸው በግልጽ ታውቋል። ቁጥር ያልተቀመጠለት የታዳሽ ኃይል ውሳኔ ግን ተጠያቂ የሚሆንበት ወገን አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ2012 እንደገና በሪዮ የተሰበሰቡት አገሮች አዲስ ግቦች እንዲዘጋጁ ሲስማሙ፣ አዲስ የገንዘብ ድጋፍ ቃል ሳይገቡ ቀርተዋል። የገንዘቡ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2015 በአዲስ አበባ በተካሄደው ሦስተኛው የልማት ፋይናንስ ጉባኤ ታይቷል። በዚያው ዓመት መስከረም 193 አባል አገሮች በኒው ዮርክ 17 ዋና ዋና ግቦችንና 169 ዝርዝር ግቦችን አጽድቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት ሪፖርት እንዳመለከተው፣ መገምገም ከተቻሉት ዝርዝር ግቦች በትክክለኛው መንገድ ላይ የነበሩት 17 በመቶ ብቻ ናቸው።

የግቦቹ ማጠናቀቂያ እ.ኤ.አ. 2030 ነው። በጉባኤ የተገባ ቃል ውጤት የሚያስገኘው በየአገሩ ዓመታዊ ዕቅድ ውስጥ ሲካተት፣ በጀት ሲመደብለትና አፈጻጸሙን የሚከታተል መሥሪያ ቤት ሲኖረው ነው።