ለርስት ሲቆጥሩ፣ ለጋብቻ ሲቆጥሩ

የመንዝን ታሪክ ስናወራ ጦርና ዙፋን ይቀናናል። ነጋሲ ክርስቶስ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከመንዝ ተነስቶ የሸዋን ሥርወ መንግሥት መሠረተ እንላለን፤ ከዚያ ወደ ሣህለ ሥላሴ፣ ከዚያ ወደ ምኒልክ እንሮጣለን። ምድጃ ዳር ምን ይወራ እንደነበር የሚነግረን ጥቂት ነው። እኔ ደግሞ ለዓመታት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና፣ ከዙፋኑ ይልቅ የምድጃው ዳር ወሬ ይስበኛል።

ለመሆኑ አንባቢዬ፣ ከአባትዎ ጀምረው ስንት ቤት መቁጠር ይችላሉ? አያት፣ ቅድመ አያት ካልን በኋላ ብዙዎቻችን ጣራ ጣራውን ማየት እንጀምራለን። ቋንቋችን ግን አያቆምም፤ ምንዥላት፣ እንጅላት፣ ፍናጅ፣ ቅናጅ እያለ ይወጣል። ተማሪዎቼ እነዚህን ቃላት ሲሰሙ ይስቁ ነበር፤ የመድኃኒት ስም ይመስሏቸዋል። የማይሠራበትን ቃል ግን ሰው ይዞ አይኖርም። የደጋው ገበሬ ፍናጁን የሚያውቀው ፍናጁ እንጀራ ስለሚያበላው ነበር።

ነገሩ ወዲህ ነው። በቀየትም ይሁን በመሐል ሜዳ፣ እንደ ጎጃምና ጎንደር ሁሉ፣ ርስት የሚገኘው ከአቅኚው አባት መወለድን በማስቆጠር ነበር። ቆጠራው በአባት በኩል ብቻ አይደለም፤ በእናትም፣ በእናት እናትም ያስኬዳል። ስለዚህ ለወሬ ያህል ሁሉም ሰው በየሸንተረሩ ባለ ርስት ነው። የሚያርሰው ግን ተሟግቶ የረታውን፣ ሽማግሌ የመሰከረለትን ያህል ብቻ ነው። አለን ሆበን የተባለ አሜሪካዊ አጥኚ የጎጃሙን ደጋ ዳሞት ይዞ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ በዝርዝር አሳይቷል። ዶናልድ ሌቪንም እ.ኤ.አ. በ1965 ለወጣው «ሰምና ወርቅ» መንዝ ሄዶ ተቀምጦ ነው ያጠናው። ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ ይባላልና፣ እሁድ በአንድ ጽዋ የጠጡ የአክስትና የአጎት ልጆች ሰኞ ዳኛ ፊት «በላ ልበልሃ» ይባባላሉ።

ይህ የገበሬ ነገር ብቻ እንዳይመስልዎ። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት የዙፋኑን ወራሽነት ሲደነግግ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ተወላጅ ይላቸዋል። በየት በኩል? በአያታቸው፣ በራስ መኮንን እናት በወይዘሮ ተናኘወርቅ ሣህለ ሥላሴ በኩል። ዙፋኑም ቢሆን በሴት አያት ተቆጥሮ የተገኘ ርስት ነው እንደ ማለት።

ሁለተኛው ቆጠራ የጋብቻ ነው። በልማዱ እስከ ሰባት ቤት የሚዛመዱ አይጋቡም። እንግዲህ ጨዋታው እዚህ ላይ ነው። ያው ሽማግሌ፣ ያው አፍ፣ ለርስት ሲቆጥር ዘመድ ለማግኘት ይቆጥራል፤ ለጋብቻ ሲቆጥር ዘመድ እንዳይገኝ እየጸለየ ይቆጥራል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ ተብሎ አዋጅ ቁጥር 31 ወጣ። ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር አይበልጥም፤ በርስት አገር ያለው ገበሬ በእጁ ያለውን ያርሳል፤ ለሙግት ደግሞ የገበሬ ማኅበሩ ፍርድ ሸንጎ አለ። ፍናጅ በአንድ ቀን ጡረታ ወጣ። ጡረታ መውጣቱን ያልሰሙ ሽማግሌዎች ግን ነበሩ።

ከነዚህ አንዱን አውቃቸዋለሁ። በስተርጅና ከመንዝ ወርደው ደብረ ብርሃን ልጃቸው ቤት ገቡ። ልጅየው የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ ጭንቀቱ የሌሊት ፈረቃና የወር አስቤዛ። ሽማግሌው ከመንዝ ባናቸው አይለዩም፤ ልጃቸው የሚሠራውን ብርድ ልብስ በሁለት ጣት ይዘው «ይኼ ምኑን ነው የሚያለብሰው?» ይላሉ። ቀን ከሌት የሚያወሩት ግን በጃንሆይ ጊዜ ስለተረቱት አንድ ሙግት ነው። ከባለመሬቶቹ ጋር ምንዥላታችን አንድ ነው ብለው ከሰሱ፤ ዳኛው ዝምድናው አልተረጋገጠም ብሎ ፈረደባቸው። አርባ ዓመት ሙሉ «ጉቦ በልቶ ነው» ሲሉ ኖሩ።

የልጅ ልጃቸው ደርሳ ሽማግሌ ሲላክ፣ ሙሽራው የእነዚያው ተከሳሾች የልጅ ልጅ ሆኖ አረፈው! ለእርሳቸው ምንዥላት የሆነው ሰው ለልጅቷ ፍናጅ ነው፤ ስድስተኛ ቤት። እውነታቸውን ከሆነ ጋብቻው አይሆንም። ጋብቻው ከሆነ ደግሞ ዳኛው ትክክል ነበር ማለት ነው። ልጅቷ ታለቅሳለች፤ አባትየው ፈረቃ ሊያረፍድበት ሰዓቱን ያያል፤ ሽማግሌው ያንኑ ትውልድ ሦስቴ ቆጠሩት፤ ሦስቴም ስድስት ወጣ።

በመጨረሻ ባለቤታቸው ሲኒ እያጠቡ ተናገሩ። «አርባ ዓመት ዳኛው ዋሸ ሲሉ ኖሩ። ዛሬ አንድ ቀን እውነቱን ነበር ቢሉ ምን ይጎድልብዎታል? መሬቱ እንደሁ የእርስዎም የነሱም አልሆነ።»

ሽማግሌው እስከ በረካው ድረስ ዝም አሉ። ከዚያ «ዳኛው… ደህና ዳኛ ነበር» አሉ። ሠርጉ ተሠረገ። በመልሱ ዕለት ግን ወደ ሙሽራው አያት ጆሮ ጠጋ ብለው «ለማንኛውም ምንዥላታችን አንድ ነው» ማለታቸውን የሰሙ አሉ።

በዚህ ታሪክ ስቄ ስጨርስ ከበደኝ። ለሰው ልጅ አርባ ዓመት የተያዘ እውነት ቀላል ንብረት አይደለም፤ ሽማግሌው ለልጅቷ የሰጧት ጥሎሽ ይኸው ነው። ያ ቆጠራ ወንድም ከወንድም ያጣላ፣ ስንቱን በሬውን ያሸጠ ቆጠራ ነበርና እንዲመለስ አልመኝም። ዛሬ የአማራ ገበሬ የይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ተለጥፏል፤ ማስረጃው ፍናጅ ሳይሆን ፎቶ ነው። ይሄ ትልቅ ዕረፍት ነው። ግን የማያበላ ነገር አይታወስምና፣ የፋብሪካው ሠራተኛ እስከ ቅድመ አያቱ ይቆጥራል፤ ልጁ አያቷ ላይ ትቆማለች። ከእንግዲህ ማን ከማን እንደሚዛመድ የምንጠይቀው ያቺን ሲኒ አጣቢ ይሆናል፤ እርሷም እስካለች ድረስ።

ሙሽሮቹ ወንድ ልጅ ወልደዋል። ሽማግሌው አቅፈውት የተናገሩትን አልረሳውም። በድሮው ሥርዓት ቢሆን ይኼ ልጅ በሁለቱም ወገን ባለ ርስት ነበር፤ ከሳሽም እሱ፣ ተከሳሽም እሱ። «ይኼን ማን ይረታዋል?» አሉ።