በትክክል የሚዋሽ መሣሪያ

ኮምፒውተር ላይ አውሮፕላን «የምናበር» ልጆች «ቢ» የምትባለውን ፊደል እንወዳታለን። ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ውስጥ አንዴ ስንጫናት የከፍታ መለኪያው ከአካባቢው የአየር ግፊት ጋር ይስተካከላል። አለቀ! ያቺ ፊደል የምትሠራልን ሥራ ግን ረጅም ታሪክ አለው።

አልቲሜትር እኮ ከፍታን አይለካም፤ የሚለካው የአየር ግፊትን ነው። ግፊቱ ሲቀንስ «ወጣን» ይላል። የአየሩ ሁኔታ ተለውጦ ግፊቱ በ1 ኢንች ሜርኩሪ ቢወርድና እኛ ባናስተካክለው፣ ካለንበት 1,000 ጫማ ያህል አስበልጦ ይነግረናል። ደመና ውስጥ ላለ፣ ተራራ ፊቱ ለተደቀነበት አብራሪ ይህ የሞት ሽረት ጉዳይ ነው።

ጀርመን የተወለደው ፖል ኮልስማን እ.ኤ.አ. በ1928 አሜሪካ ውስጥ ከቀደሙት እጅግ የረቀቀ አልቲሜትር ሠራ። በዓመቱ፣ ሴፕቴምበር 24 ቀን 1929፣ ጂሚ ዱሊትል በዚሁ መሣሪያና በሌሎች ጥቂት መሣሪያዎች ተማምኖ፣ የተቀመጠበት ኮክፒት ተሸፍኖ ውጭውን ሳያይ ሎንግ አይላንድ ላይ ተነሣ፣ ዞረ፣ አረፈ። (ለክፉ ቀን ፊት ለፊቱ ሌላ አብራሪ ተቀምጦ ነበር፤ እኛ ብንሆን ሁለት እናስቀምጥ ነበር።)

ሲሙሌተር ከፍታውን ከራሱ ስሌት በቀጥታ አንብቦ ቢያሳየን ቀላል ነበር። ግን ያ አልቲሜትር አይደለም። መጀመሪያ አየሩን መሥራት አለበት፦ ግፊቱን፣ ሙቀቱን፣ ወደ ላይ ሲወጣ እንዴት እንደሚሳሳ። አየሩ በጣም ሲቀዘቅዝ በትክክል የተሞላ አልቲሜትር እንኳ ከእውነተኛው ከፍታ አስበልጦ ያነባል። ጥሩ ሲሙሌተር ይህንንም ውሸት በልኩ ይዋሻል።

እስቲ «ቢ»ን ለአንድ ቀን ተዉአትና ቦሌ ላይ ቁልፉን በእጃችሁ አዙሩ። መሬት ላይ ቆማችሁ 7,600 ጫማ አካባቢ ካነበባችሁ ጨዋታው አልተበላሸም፤ ከባሕር ወለል ያለን ከፍታ ነው።