ጉናና የፎገራ ጭቃ

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዶፈን ላይ ምድር ተሰንጥቃ እንፋሎትና ጭቃ ስትተፋ፣ «እኛ ዘንድ እንኳ እንዲህ ያለ የለም» ያልን አለን። የለም እንዴ? ከወረታ በስተደቡብ ምሥራቅ ያለው ጉና ራሱ እሳተ ገሞራ ነበር። ከ10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የቀለጠ ድንጋይ እየፈሰሰ፣ እየተደራረበ ከ4,000 ሜትር በላይ ወጣ። እሳቱ ከጠፋ ዘመን የለውም፤ ጭቃው ግን ዛሬም ይወርዳል። ርብና ጉማራ በየክረምቱ የዚያን ድንጋይ ብስባሽ አጥበው ፎገራ ላይ ያራግፉታል። በበጋ የሚሰነጠቀው፣ በክረምት የሚያብጠው ዋልካችን ይኸው ነው። ሩዙም የተስማማው ውሃ ስለሚይዝ ነው። ታዲያ ሲሳይ ብቻ አይደለም፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፉ ስንቱን ከቀየው አፈናቀለ! ጉና ላይ ተዳፋቱ ታርሶ በተራቆተ ቁጥር ደለሉ ይበዛል፤ የወንዙ ሆድ ይሞላል፤ ውሃውም መንገዱን ትቶ መንደር ይገባል።