ሰንጋ ፈረስ ስድብ የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው?

ጥር ሲቃረብ እንጅባራ ላይ ፈረስ መታጠብ ይጀምራል፤ ግላሱም ከተሰቀለበት ይወርዳል። አብሮ የሚነሳ ክርክርም አለ። «የጀግና ፈረስ ድንጉላ ነው፤ ሰንጋ ለሞፈርና ለጭነት ነው» የሚሉ ወጣቶች አሉ። ፈረሳቸው ሲናከስ፣ የጎረቤቱን ፈረስ ሲራገጥ፣ በኋላ እግሩ ሲቆም ይኮራሉ። «አያቶቻችን ዓድዋ የዘመቱት በእንዲህ ያለው ነው» ይላሉ። ሽማግሌዎቹ አይከራከሯቸውም፤ ፈገግ ብለው ያልፋሉ። እኔ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ታሪኩ እንደዚያ አይደለማ!

ከቃሉ እንነሳ። ሰንጋ ማለት የተቀጠቀጠ፣ የተኮላሸ ማለት ነው። በሬም ይሁን ፈረስ ያው ነው። ግን በአማርኛ «ሰንጋ ፈረስ ላይ ተቀምጦ መጣ» ሲባል ሰውየውን ማሞገስ ነው እንጂ ማንቋሸሽ አይደለም። ኦሮምኛውም «ፈርደ ሰንጋ» ሲል የሚጠራው የተመረጠውን፣ የሚያምረውን መጋለቢያ ነው። ከኛ በላይ ከፈረስ ጋር የኖሩ፣ ሞትና ሕይወታቸው በፈረስ ጀርባ ላይ የነበረ ሰዎች ለተኮላሸው ፈረስ ይህን ክብር ከሰጡት አንድ የሚያውቁት ነገር ነበር ማለት ነው።

የሚያውቁት ነገር ይህ ነው። ድንጉላ ክፉ ሆኖ አይደለም የሚናከሰው፤ ተፈጥሮው ነው። ሰው ሳይገባበት ቢቀር አንድ ጎልማሳ ድንጉላ ጥቂት ባዝራዎችን ይዞ ይኖራል። ሌላ ወንድ ሲጠጋ ያባርራል፤ ካልሄደ ይዋጋል። ባዝራ ያላገኙት ወጣቶች ደግሞ ለብቻቸው ተሰባስበው ይውላሉ፤ እርስ በርሳቸው ቢገፋፉም ሴት በሌለችበት ጠባቸው ብዙ አይከርም። ባዝራ በሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ ያህል ትፈልጋለች፤ ፍላጎቷም ቀናት ይቆያል። በእነዚያ ቀናት ሽታዋ የደረሰው ድንጉላ ልጓምም ጌታም አያውቅም።

ነገሩ የፈረስ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በከተማ ቤቶች በመስታወት ገንዳ ጉፒ የምትባለውን ባለቀለም ትንሽ ዓሣ የሚያረቡ ሰዎች ይህን በየቀኑ ያዩታል። ወንዶቹ ሲበዙ ይሳደዳሉ፣ ጭራ ይነጫጫሉ፤ ደካማው ጥግ ይዞ ይከሳል። አርቢው ታዲያ ለአንድ ወንድ ሁለትና ሦስት ሴት ያደርጋል፤ ወይም ወንዶቹን ለብቻቸው ሰፋ ያለ ውሃ ውስጥ ይከታቸዋል፤ መሸሸጊያ የሚሆን ተክልም ይተክላል። ከዓሣው ይልቅ የገንዳው ጥበት ነው የሚወቀሰው። በፈረስ ግን የመጀመሪያው መላ ይገለበጣል። ተጋላቢ ድንጉላዎች መሃል ባዝራ ብትጨምር ያበረድክ መስሎህ እሳት ለኮስክ ማለት ነው። ለፈረሰኛ የሚቀሩት መንገዶች ማራራቅ፣ ማሠራት፣ ወይም መቀጥቀጥ ናቸው።

ይህን የደረሱበት የኛ አያቶች ብቻ አልነበሩም። ግሪካዊው ዜኖፎን ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት ስለ ቂሮስ በጻፈው መጽሐፍ፣ ተናካሽ ፈረስ ሲኮላሽ መናከሱንና እምቢተኝነቱን ይተዋል፣ ለጦርነት ግን ብቃቱ አይቀንስም የሚል ሐሳብ አስፍሯል። ስትራቦ ደግሞ እስኩቴሶችና ሳርማቶች ፈረሶቻቸውን የሚያኮላሹት ፈረሶቹ ትናንሽ ሆነው እጅግ ፈጣንና አስቸጋሪ ስለሆኑ ነው ይላል። ትንሽ፣ ፈጣን፣ አስቸጋሪ፤ የኛን ፈረስ የሚገልጽ ይመስላል። የዓረብ ዘላኖች በበኩላቸው ለድንገተኛ ወረራ ባዝራን ይመርጡ ነበር። ድንጉላ የጠላትን ፈረስ ሲያሸት ያሽካካል፤ ያሽካካ ዕለት ደግሞ ወረራው ተበላሸ።

ወደ ራሳችን እንመለስ። የድሮው መኳንንት ጉዞ ሲነሳ የሚቀመጠው በበቅሎ ነበር። ፈረሱ በአሽከር እየተሳበ ይከተላል፤ ጌታው ወደ ፈረሱ የሚዞረው ጦርነቱ ሲቀርብ ነው። ፈረሱን ላለማድከም ነው ይባላል፤ እውነት ነው። ግን ሌላም ጥቅም ነበረው። በቅሎ አትወልድም፣ ከጎን ካለው ጋር ስለ ባዝራ አትጣላም፣ ገደል አፋፍ ላይ እግሯን ታውቃለች። ቁጡው ፈረስ ደግሞ በጉዞው ሁሉ የራሱ ጠባቂ አለው፤ ከሌሎቹም ተለይቶ ይታሰራል። ባልደራስ የሚባል ሹመት የኖረው በከንቱ አይደለም።

ስለ አገው ፈረስ በጽሑፍ ካሉን የቆዩ ምስክሮች አንዱ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1770 የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ከጎንደር ወርዶ፣ ኅዳር 4 ቀን (በእነርሱ አቆጣጠር) ግሽ ዓባይ ደረሰ። በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ፣ አገዎች ኃይላቸው ሁሉ ቢወጣ 4,000 ፈረሰኛና ብዙ እግረኛ ማሰለፍ ይችላሉ፣ ቀድሞ ግን ከዚህም በላይ ኃያላን ነበሩ ብሎ ጽፏል። 4,000 ፈረስ አንድ ሰፈር ሲያድር አስቡት። ሁለት ድንጉላዎች ሌሊት ለኮ በጥሰው ቢያያዙ ያ ሰፈር አያድርም። እንዲህ ያለ ጦር በቁጣ ብቻ አይመራም።

ብሩስ የሚተርከው አንድ ሌላ ነገር አለ፤ እኔ ከመጽሐፉ ሁሉ የምወደው እሱን ነው። ግሽ ከመድረሱ በፊት የዳሞት ገዥ የነበረውን ፋሲልን ባምባ በሚባል ቦታ አገኘው። ፋሲል እንግዳውን ናቀው፤ ለዚህ መንገድ አትሆንም አለው፤ ተጋጩም። በማግስቱ ፈረሶች ተኮልኩለው ቀረቡና ብሩስ እንዲመርጥ ተጠየቀ። ጨዋ ነው ተብሎ የተሰጠው ፈረስ ግን ሲቀመጥበት አበደ፤ ከፊት ይነሳል፣ ከኋላ ይራገጣል። ብሩስ አልወርድም ብሎ ዳገት ቁልቁለቱን እያስሮጠ አደከመውና አስገበረው። (ብሩስ ራሱን ማሞገስ የሚወድ ሰው ነው፤ ትንሽ ቀንሳችሁ ስሙት።)

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ዋናው። ፋሲል ሊሸኘው ሲል የራሱን ፈረስ ከነኮርቻውና ከነልጓሙ ሰጠው። አትቀመጥበት፣ ከፊትህ ንዳው፤ ይህን ፈረስ ያየ የሜጫ ሰው አይነካህም አለው። ብሩስም እንደተባለው ባዶውን ፈረስ ከፊት እያስቀደመ ያን አገር አለፈ። የመጀመሪያው ፈረስ ሰውን ለማዋረድ የቀረበ ቁጣ ነበር። ሁለተኛው ሰው ሳይቀመጥበት፣ ማንንም ሳይነክስ መንገድ ከፈተ። በዚያ ዘመን የትኛው ፈረስ የበለጠ ኃይል እንደነበረው ፋሲል ያውቅ ነበር።

«የፈረስ ስሞቹስ?» ትሉኝ ይሆናል። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው፣ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል። ሰው በፈረሱ ስም መጠራቱ የፈረሱን ቁጣ ለራሱ መውሰዱ አይደለም ወይ? እኔ እንዲህ አላነበውም። ስሞቹን ደግማችሁ አንብቧቸው። ታጠቅ! በዝብዝ! ጠቅል! የትእዛዝ ቃላት ናቸው። ትእዛዝ ደግሞ ለሚሰማ ነው የሚሰጠው። በጠላትና በጎረቤት መካከል ልዩነት የማያውቅ ፈረስ በዝብዝ ቢሉት የሚበዘብዘው የራሱን ሰፈር ነው።

እርግጥ ድንጉላ ወዳዶቹ አንድ ትልቅ እውነት አላቸው፤ ልነፍጋቸው አልፈልግም። ምርጡን ሁሉ ከቀጠቀጥን ዘሩን ማን ይተካዋል? ፈጣኑና መልከ መልካሙ በሁለት ዓመቱ ተኮላሽቶ፣ ባዝራዎቹን ማንም ያልመረጠው ተራ ፈረስ ሲያስረግዛቸው ዝርያው ይወርዳል። ድንጉላ ያስፈልጋል። የሚያስፈልገው ግን ተመርጦ፣ ጠንቃቃ ጌታ ይዞት፣ ለዘር ነው። ለፉከራ ተብሎ በየበሩ የሚታሰር ድንጉላ ለዘሩም ለባለቤቱም አይጠቅምም። ደግሞ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፤ ተናካሽነትን ለዓመታት ከለመደ በኋላ የተኮላሸ ፈረስ ልማዱን ሙሉ በሙሉ ላይተው ይችላል። ስለዚህ ውሳኔው በጊዜ ነው፤ በእንስሳት ሐኪም እጅና በማደንዘዣ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። የድሮው አቀጣቀጥ ጭካኔ ነበረበት፤ በዚህ በኩል አያቶቻችንን አልከላከልም። እምቢተኛ ፈረስ የሚገታበት፣ የታች መንጋጋውን በቀለበት የሚይዘው የጥንቱ ልጓምም እንደዚሁ ነው። ባለሙያ እጅ ላይ ዛቡ ሳይጎተት ይሠራል፤ የማያውቅ ሰው ሲይዘው አፍ ያደማል።

የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ሲመሠረት ጣልያን ገና ከዳንግላ አልወጣም ነበር። ማኅበሩ የዓድዋን ፈረስና ፈረሰኛ ለማሰብ ቆመ፤ በዓሉም ጥር 23፣ በጊዮርጊስ ቀን ሆነ። ዛሬ አባላቱ ከ60 ሺህ በላይ መሆናቸው ይነገራል። ፈረስ ለጦር መዝመት ባቆመበት ዘመን ይህን ያህል ፈረሰኛ ያቆየ ሌላ የማውቀው ቦታ የለም። ግን አስቡት፤ ያ ሁሉ ፈረስ በአንድ ቀን በአንድ ሜዳ፣ ከበሮና እልልታ ባለበት፣ ሕፃናት በአጥሩ ሥር እየተሹለከለኩ። ብሩስ ከጻፈው ከ4,000ው ሰፈር የሚያንስ ፈተና አይደለም። ድንጉላ ይዞ የሚመጣ ሰው ለብቻው የሚቆምበት ጥግ ቢለይለት፣ ባዝራ ወደ ግልቢያው ሜዳ ባትገባ፣ የፈረሱን ጠባይ የማያውቅ ልጅ በዓል ነው ተብሎ ባይቀመጥበት ምን ይጎድልብናል? ሰልፉ ያው ሰልፍ ነው፤ ሽምጡም ያው ሽምጥ።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። በአዊ ፈረስ ያርሳል። ለሌላው አገር ሰው ይህን ስነግረው አያምነኝም፤ እኛ ግን ከልጅነታችን ያየነው ነው። ብዙ ቤት ውስጥ ለእርሻ አንድ፣ ለበዓል ሌላ ፈረስ የለም። ጥር 23 ግላስ ለብሶ፣ ጋማው ተጎንጉኖ በሽምጥ የምታዩት ፈረስ ክረምት ሲገባ ቀንበር ተሸክሞ ከጓደኛው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጠምዶ ይውላል፤ አይናከስም፣ አይራገጥም። ማታ ሲፈታ የቤቱ ትንሽ ልጅ ለኮውን ይዞ ውሃ ያወርደዋል።