ዐይኑን ሳይጨፍን የወደቀው

በአማርኛ «ወደቀ» የምትለው ቃል ብዙ ሸክም አለባት። እግሩን ያልጸና ሕፃን ይወድቃል፤ ፈተና ያልቀናው ተማሪ ይወድቃል፤ መንግሥት ይወድቃል፤ ጦር ሜዳ የዋለ ጀግናም ይወድቃል። ውርደቱም ክብሩም በአንዲት ቃል ይነገራል። እኔም ይህችን ቃል ሳስብ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ፣ ለመውደቅ ተብሎ ስለ ተሠራው ሬንጀር ስለሚባለው የአሜሪካ መንኮራኩር ያነበብሁት ታሪክ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሰው ልጅ ጨረቃን ከጥንት ጀምሮ ቢያያትም፣ የሚያያት በሩቁ ነበር። በኦክቶበር 1959 የሶቪየት ኅብረቷ ሉና 3 ከጀርባዋ ዞራ፣ ከምድር ፈጽሞ የማይታየውን ገጽ ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶግራፍ አነሣች። ያም ቢሆን ከ60 ሺህ ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ርቀት ላይ ሆና ነው። በ1961 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ አሥርተ ዓመቱ ሳያልቅ ሰው ጨረቃን እንዲረግጥ አገራቸውን ሲጠሩ፣ የሚረገጠው መሬት ምን ዓይነት እንደ ሆነ በእርግጥ የሚናገር አልነበረም። ቶማስ ጎልድ የተባሉት የሥነ ፈለክ ሊቅ ከ1955 ጀምሮ የጨረቃ ሜዳዎች በጥልቅ ትቢያ የተሸፈኑ ሊሆኑ እንደሚችሉ ይከራከሩ ነበር። እንዲያ ከሆነ ደግሞ የሚያርፈው መንኮራኩር ከነሰዎቹ ሊሰምጥ ነው።

ይህን ቀርቦ የማየቱ ሥራ ካሊፎርኒያ ውስጥ ባለው የጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ለተሠራው ለሬንጀር ተሰጠ። ጅምሩ ግን መከራ ነበር። በ1961 የተላኩት ሬንጀር 1 እና 2 ለሙከራ ነበሩ፤ ሮኬቱ ከድቷቸው ከምድር ብዙም ሳይርቁ ቀሩ። በጃንዋሪ 1962 ሬንጀር 3 ጨረቃን ከ36 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ስቶ አለፈ። በኤፕሪል ሬንጀር 4 ጨረቃ ላይ ደረሰ፤ ነገር ግን አእምሮው የሆነው መሣሪያ መንገድ ላይ ስለ ተበላሸ፣ አንዲት ፎቶግራፍ ሳይልክ ከጀርባዋ ተከሰከሰ። በኦክቶበር ሬንጀር 5 ኃይሉ ተቋርጦበት በ725 ኪሎ ሜትር ሳታት።

መርማሪዎች ተሰየሙ። ከተገኙት ነገሮች አንዱ ያስገርማል። የምድር ተሕዋስያን ጨረቃን እንዳይበክሉ በመስጋት የመንኮራኩሩ ክፍሎች ከመቶ ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ይጋገሩ ነበር፤ ይህም ክፍሎቹን ሳያዳክማቸው አልቀረም ተባለ። ለጨረቃ ንጽሕና ሲሉ ዐይናቸውን ያሳወሩ ይመስላል።

ከሁሉ መራራው ግን ስድስተኛው ነው። ሬንጀር 6 በጃንዋሪ 30 ቀን 1964 ተነሥቶ፣ በመንገዱ ሁሉ እንከን ሳይገኝበት፣ ከታቀደለት ሥፍራ አጠገብ ወደቀ። ሰዎቹ ካሜራዎቹ እስኪከፈቱ እየጠበቁ ነበር። አልተከፈቱም። በኋላ እንደ ተደረሰበት፣ ሮኬቱ ገና ከምድር በተነሣ በሁለተኛው ደቂቃ ገደማ፣ የሮኬቱ ክፍል ሲላቀቅ የካሜራዎቹ ኃይል ያለ ጊዜው ተለኩሶ መሣሪያውን አቃጥሎት ኖሯል። እንግዲህ ሦስት ቀን ያህል የተጓዘው ዕውር ነበር፤ ዕውርነቱን ግን ማንም አላወቀም።

ከዚህ በኋላ የምክር ቤት ምርመራ መጣ፤ ወቀሳውም በዛ። እኔ ባንክ ቤት የምሠራ ሰው ነኝና የዚያን ጊዜውን ድካማቸውን በመጠኑ እረዳዋለሁ። ጎድሎ የተገኘ ሒሳብ ከኪስ ቢሞላ የዕለቱ መዝገብ ይዘጋል፤ ምንጩ ካልተገኘ ግን ነገም ይጎድላል። መሐንዲሶቹ ምንጩን ፈለጉ። ሽቦውን፣ ማያያዣውን፣ መክፈቻውን አንድ በአንድ መረመሩ፤ ካሜራዎቹ ያለ ጊዜያቸው እንዳይበሩ አድርገውም አሻሻሉ።

ጁላይ 28 ቀን 1964 ሬንጀር 7 ተነሣ። በላቦራቶሪው የመቆጣጠሪያ ክፍል አንድ መሐንዲስ ጭንቀቱን ለማርገብ ለባልደረቦቹ ለውዝ አደለ፤ ለውዙ ከዚያን ዕለት ወዲህ የቤቱ ልማድ ሆኖ ቀርቷል። ጁላይ 31፣ በእኛ ሐምሌ 24 ቀን 1956 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ስድስቱ ካሜራዎች ተከፈቱ።

መንኮራኩሩ ፍሬን የለውም፤ ለማረፍም አልተሠራም። በሴኮንድ ከ2.6 ኪሎ ሜትር በላይ እየተምዘገዘገ፣ በመጨረሻዎቹ 17 ደቂቃዎች ከ4,300 በላይ ፎቶግራፎችን በቴሌቪዥን ዘዴ ወደ ምድር ላከ። ጥፋቱ በቀረበ ቁጥር እይታው ጠራ። መጀመሪያ ተራሮችና ሜዳዎች፣ ቀጥሎ ጎድጓዳዎች፣ በጎድጓዳዎቹ ውስጥ ሌሎች ጎድጓዳዎች፣ በመጨረሻም ከአንድ ሜትር ያነሰ ነገር ታየ። ይህ በምድር ቴሌስኮፕ ከሚታየው በሺህ እጥፍ የተሻለ ነበር። የመጨረሻዋ ፎቶግራፍ ግን ሙሉ አይደለችም። ከፊሏ የጨረቃ መሬት ነው፤ ከፊሏ የተቀባዩ ሬዲዮ ባዶ ዝብርቅርቅ። እሷን ልኮ ሳይጨርስ ከመሬት ተጋጭቷልና።

የወደቀበት ሜዳ በዚያው ዓመት በላቲን «ማሬ ኮግኒተም» ተባለ፤ «የታወቀው ባሕር» ማለት ነው። በ1965 ሬንጀር 8 እና 9 ተከተሉት፤ የዘጠነኛው አወዳደቅም በአሜሪካ ቴሌቪዥን በቀጥታ ታየ። የትቢያው ክርክር ግን በፎቶግራፎቹ ብቻ አልተቋጨም። በፌብሩዋሪ 1966 የሶቪየት ኅብረቷ ሉና 9 በዝግታ ወርዳ ሳትሰምጥ ቆመች፤ ከቆመችበትም ሆና ዙሪያዋን አሳየች። ሦስት ዓመት ተኩል ሳይሞላ፣ በጁላይ 1969፣ ሰው ያንን መሬት ረገጠው።

አባቶቻችን «አሟሟቴን አሳምረው» ብለው ይጸልያሉ። ስድስተኛውና ሰባተኛው ሬንጀር ሁለቱም ወድቀው ተሰባብረዋል፤ ፍጥነታቸውም ተቀራራቢ ነበር። የለያቸው አንዱ ዐይኑን ገልጦ መውደቁ ነው። ሰባተኛውንም ያሳየው የስድስቱ ውድቀት ተመርምሮ እንጂ ተሸፋፍኖ አለመቅረቱ ነው።

ስድስቴ ተልኮ፣ ስድስቴም ወደቀ፤
ሰባተኛው ግና፣ ወድቆ ነው ያወቀ።
ለካስ መውደቅ ብቻ፣ አይደለም ጥፋቱ፤
ዐይንን ጨፍኖ ነው፣ የመውደቅ ክፋቱ።