ሳምንታዊ የእግር ኳስ ግምት

ሳምንታዊ የእግር ኳስ ግምት፦ ወዳጆች፣ ጎረቤታሞች ወይም የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች የሳምንቱን ግጥሚያዎች ውጤት አስቀድመው በመገመት፣ ከትርፍ ይልቅ ጨዋታንና ፍቅረ ቢጽን ዓላማ አድርገው የሚወዳደሩበት ማኅበር ነው። በሊቨርፑል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1923 የተቋቋመው ሊትልዉድስ፣ በኢጣሊያም እ.ኤ.አ. በ1946 የተጀመረው ቶቶካልቾ፣ ይህንኑ ግምት በቅጽ እያስሞሉ ሰፊ ንግድ አድርገውታል። ለምሳሌ የመቐለ 70 እንደርታ ክለብ በ2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን በመሆን ባስከበራት መቐለ፣ ለግምቱ የአገር ውስጡም ሊግ፣ በሙሉ ሳምንት 10 ግጥሚያ የሚደረግበት የእንግሊዙም ሊግ ይመቻል።

ሥርዓቱ ለዕቁብ የቀረበ ነው፤ ዳኛና ጸሐፊ ይመረጣሉ፤ ጸሐፊውም የእያንዳንዱን አባል ግምት የመጀመሪያው ግጥሚያ ሳይጀመር ተቀብሎ ይመዘግባል፤ ከዚያ በኋላ የቀረበ ግምት ግን፣ ባለቤቱ ምንም ያህል የተከበረ ሰው ቢሆን፣ ተቀባይነት የለውም። ትክክለኛውን የጎል ቁጥር ላገኘ 3፣ አሸናፊውን ወይም አቻነቱን ብቻ ላወቀ 1 ነጥብ ቢሰጥ፣ የተላለፈ ግጥሚያም ከሒሳቡ ቢወጣ፣ ክርክር ይቀንሳል። በድምሩ እኩል የሆኑ ቢኖሩ፣ ትክክለኛ ውጤት ያበዛው ይቀድማል።

የአባላቱ መዋጮ ከቡና ግብዣ ያለፈ እንደሆነ ማኅበሩ ወደ ቁማር ስለሚያዘነብል፣ ልኩ አስቀድሞ በስምምነት ተወስኖ በጽሑፍ ሊሰፍር ይገባል።